ሁለቴ የተቀነሰ ስድስት ሰዓት

ሰብስቤ ከተማዋን አዳማ የሚላት ቅጽ ሲሞላ ብቻ ነው። በአፉ ናዝሬት ናት። ይህን የማነሳው ሰውየው ክፉ ነበር ለማለት አይደለም፤ አንዴ የያዘውን ነገር በቀላሉ እንደማይለቅ ከመነሻው እንድታውቁልኝ ነው። ሠላሳ ዓመት በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ማሽን ፊት ተቀምጧል። የተለወጠው ወንበሩ ብቻ ነው፣ እሱም ሦስት ጊዜ ተሰብሮ ነው።

ማሽኑ ኤ ኤስ ፎር ሀንድረድ ይባላል። እስከ ወገብ የሚደርስ ጥቁር ሣጥን የመሰለ የድሮ ኮምፒውተር ነው፤ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ፊደል ይጽፋል፤ ሌት ተቀን ያጉረመርማል እንጂ አይበላሽም። ፕሮግራሙ የሚጻፍበት ቋንቋ አር ፒ ጂ ነው። የዛሬ ልጆች ይህን ስም ሲሰሙ ታንክ የሚመታው መሣሪያ ትዝ እያላቸው ይስቃሉ። ሰብስቤ አብሯቸው አይስቅም። "እናንተ በየዓመቱ አዲስ ቋንቋ ትማራላችሁ፤ እኔ የዛሬ ሠላሳ ዓመት የጻፍኩት ዛሬም ይሠራል" ይላቸዋል። እውነቱን ነው፤ ይሠራል።

የሚሠራውም አንድ ነገር ነው፤ ለሾፌሮች ተራ ያወጣል። ቦሎቄ ከመቂ፣ ከዝዋይ፣ ከሻሸመኔ ተሰብስቦ ናዝሬት መጋዘን ይገባል፤ ከዚያ በተሳቢ እየተጫነ ጅቡቲ ይወርዳል። ጭነት በቀን ሁለት ዙር ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓትና ከቀትር በኋላ ሰባት ሰዓት። ስሙ ሲጠራ በሩ ላይ ያልተገኘ ሾፌር ተራው ያልፍና ጅራት ይሆናል። በሾፌሮች ዘንድ ተራ ቀልድ አይደለም። ለተራ ብሎ ከወንድሙ ሠርግ የቀረ፣ ሚስቱ ስትወልድ ያልነበረ ስንቱ ነው።

ማሽኑ ታዲያ ሰዓት የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የጠዋቱን አንድ ሰዓት ሰባት ይለዋል፣ የቀትሩን ሰባት ሰዓት ደግሞ አሥራ ሦስት። ስለዚህ ሰብስቤ በተቀጠረ በዓመቱ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ፤ ከማሽኑ ሰዓት ላይ ስድስት ቀንሳ፣ የተራው ወረቀት ላይ በእኛ አቆጣጠር የምታትም። በጊዜው ሾፌሮቹ መርቀውታል። ከዚያ በኋላ እሷን ያስታወሳት የለም፣ ከሱ በቀር።

ፊደል ግን እንቢ አለው። ያ ማሽን የአማርኛ ፊደል አይቀበልም፤ የሾፌሩ ስም የሚታተመው በላቲን ነው። በዚህ ሁልጊዜ የሚያሾፍበት ሾፌር ገርባ ነበር። ገርባና ሰብስቤ ደምበላ ሰፈር አጥር ለአጥር ነው የሚኖሩት። ገርባ ከጅቡቲ በተመለሰ ቁጥር የቢሮው መስኮት ላይ ይደገፍና ወረቀቱን እያገላበጠ፣ "አካም ጅርታ ሰብስቤኮ፣ ይሄ ማሽንህ ቁቤ ብቻ ነው እንዴ የተማረው? ከአንተ ቀድሞ ኦሮምኛ ሊችል ነው" ይለዋል። ሰብስቤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይችን ቀልድ እንደ አዲስ ሰምቷታል። የሰብስቤ ሚስት ሉሊት ያረፈች ቀን ድንኳኑን የተከለ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ተራውን ለሌላ ሰጥቶ ከደጃፉ ያልተለየ ይኸው ገርባ ነው። ለሰብስቤ ወንድም ቢሉት ከወንድም የሚያንስ አልነበረም።

የሉሊት አርባ በወጣ ማግስት አንዲት ልጁ ፍሬሕይወት አዲስ አበባ ሥራ ማግኘቷን ነገረችው። የተማረችው ኮምፒውተር ነው፤ የምትጽፈው ጃቫ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ። ሰብስቤ ልጁ ከጎኑ ትሆናለች ብሎ ነበር። ደንግጦ ይሁን ከፍቶት፣ "የእናትሽ አፈር ሳይደርቅ ነው? ብትወጃት ኖሮ ቤቷን ጥለሽ አትሄጂም ነበር" አላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጅቷ ሻንጣዋን አንስታ መናኸሪያ ወረደች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ በበዓል በበዓል "እንኳን አደረሰህ"፣ "እንኳን አብሮ አደረሰን" እየተባባሉ በጽሑፍ ብቻ ኖሩ። ሁለቱም ስልኩን እያነሱ ይተዉታል። ይህን ገርባ ያውቃል፤ ብዙ ጊዜም "ደውልላት፣ ልጅ ናት፣ አንተ ነህ ትልቁ" ብሎታል። ሰብስቤ ወሬ ይለውጥበታል።

እንዲህ እያለ ከኮሮና ወዲህ ሾፌሮች ግቢው ውስጥ እየተጋፉ ስም እስኪጠራ መጠበቃቸው ቀርቶ፣ ተራቸው በስልክ መልእክት ይድረሳቸው የሚል ሐሳብ መጣ። ሐሳቡ የአዲሱ ኃላፊ የሙስዓብ ነው። መልእክት መላኪያው ዕቃ ደግሞ በጃቫ ብቻ የሚሠራ ሆነ። ሙስዓብ ይህን አሮጌ ማሽን በዚሁ ሰበብ እንገላገለው የሚል ፊት አሳየ። ሰብስቤ ቶሎ ብሎ፣ "አር ፒ ጂ ጃቫን መጥራት ይችላል" አለ።

እውነትም ይችላል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ያስተዋውቁታል። "ጃቫ ቤት እንዲህ የሚባል ሜቶድ፣ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም፣ አለ፤ ስልክ ቁጥር፣ ስም፣ ሰዓት ትሰጠዋለህ፤ ተልኳል ወይም አልተላከም ብሎ ይመልስልሃል" ይሉታል። ከዚያ በኋላ አር ፒ ጂ ሜቶዱን በስሙ ይጠራዋል። ውስጡ ገብቶ ምን እንደሚሠራ አያይም። የተጠራውም ማን ለምን እንደጠራው አይጠይቅም። የሚተዋወቁት በሚቀባበሉት ነገር ብቻ ነው።

ጃቫ የሚያውቅ ሰው ማን አለ ሲባል፣ ሰብስቤ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ልጄ አለች አለ። ስልክ ግን አልደወለም። በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል፣ ለሙስዓብም በግልባጭ፣ "ለወ/ሪት ፍሬሕይወት ሰብስቤ፤ ከዚህ በታች የተመለከቱትን ሦስት መረጃዎች ተቀብሎ መልእክት የሚልክ ሜቶድ እንዲያዘጋጁልን በትሕትና እንጠይቃለን" ብሎ ጻፈላት። አባት ለልጁ። እሷም የሱው ልጅ ናትና፣ "ጥያቄዎ ደርሶኛል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አቀርባለሁ" ብላ መለሰች። ሙስዓብ አባትና ልጅ መሆናቸውን ባያውቅ ኖሮ፣ አንብቦ ዘመድ አይላቸውም ነበር።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ተጻጻፉ። አንድ ቀን እንዲህ የሚል መጣለት፤ "ከአር ፒ ጂ ሆነው የጠሩትን ዕቃ ሲጨርሱ እርስዎ ራስዎ ይልቀቁት። እርስዎ ካልለቀቁት ጃቫ ይፈለጋል ብሎ ይይዘዋል፣ ማሽኑም እየሞላ ይሄዳል።" ሰብስቤ ይህን ሦስት ጊዜ አነበበው። ስለ ፕሮግራም ብቻ የተጻፈ አልመሰለውም። ሊመልስላት ፈልጎ ብዙ ጻፈ፣ አጠፋው፣ በመጨረሻ "ተቀብያለሁ፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ላከ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ አንዲት ጥያቄ ልናገር። ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር ቀጠሮ የያዘ፣ የአውሮፕላን ትኬት የቆረጠ፣ ሆስፒታል ተራ የተሰጠው ሰው ሁሉ ይጠይቃታል፤ "በእኛ ነው በፈረንጅ?" ትላለች። ሕፃን ሳይቀር ይጠይቃታል። አባትና ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ ሰባት ደብዳቤ ሲጻጻፉ፣ ዝርዝሩ ላይ "ስልክ፣ ስም፣ ሰዓት" ብለው ሲያልፉ፣ ይችን ጥያቄ አንዳቸውም አልጠየቁም። አንዴ ስልክ ቢነሳ፣ በሁለተኛው ደቂቃ የምትመጣ ጥያቄ ነበረች።

ሰብስቤ ሾፌሮቹን አስቦ፣ ሰዓቱን ወደ ጃቫ ከመላኩ በፊት በዚያች በድሮዋ ፕሮግራም ስድስት ቀነሰ። ፍሬሕይወትም ሾፌሮቹን አስባ፣ አባቷ የሚልከው የማሽኑን ሰዓት ነው ብላ፣ ሜቶዱ ውስጥ ስድስት ቀነሰች። ከሰባት ስድስት ሲቀነስ አንድ ነው። ከአንድ ላይ ደግሞ ስድስት ሲቀነስ፣ ሰዓት ክብ ነውና፣ ተመልሶ ሰባት ይመጣል።

የሙከራው ቀን ሰብስቤ ወደ ራሱ ስልክ ላከ። ስልኩ ጮኸ። "ሰብስቤ፣ ተራዎ ደርሷል። ነገ 7፡00 ሰዓት በር ላይ ይገኙ" ይላል፣ በአማርኛ፣ በጥቁር ጥርት ባለ ፊደል። ሠላሳ ዓመት ላቲን ብቻ ሲተፋ ከኖረው ማሽን ስሙ በፊደል ወጣለት። ሰብስቤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ልጁ የሠራችው ነው፤ የጠራት ደግሞ እሱ ነው፤ መልሳለታለች። ቁጥሩንም አይቶታል። ስክሪኑ ላይ ሰባት፣ ስልኩ ላይ ሰባት፤ ገጠመለት። ፊደሉን እያየ ቁጥሩን ልብ አላለውም።

መጀመሪያ በአንድ ሾፌር ብቻ እንሞክር ተባለ፤ ሌሎቹ ለጊዜው እንደ ድሮው ከሰሌዳው ያንብቡ። ሰብስቤ ገርባን መረጠ። ማንን ሊመርጥ ኖሯል? ገርባም "እኔ ላይ ሞክሩት፣ ቢበላሽም ከእኔ አይወጣም" አለ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መልእክቱ ሄደ፤ የቅዳሜ ጠዋት ተራ ነበር። ወደ አመሻሹ ገርባ በአጥሩ ላይ ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየው። "ሰብስቤኮ፣ ስሜ ሲያምር። ፍሬ ነች አይደል? ደውለህ አመስግንልኝ" አለ። ሰብስቤ መነጽር አላደረገም ነበር። "እደውላለሁ" አለ።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ሲመለስ ገርባ ደጅ ሰው ተሰብስቧል። ከመተሃራ ወዲህ፣ ቅዳሜ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ግመሎች መንገድ አቋርጠው፣ ገርባ ግመሎቹን አተርፋለሁ ብሎ መሪ ጠምዝዞ፣ ቦሎቄ የሞላው ተሳቢ ከኋላ ገፍቶት ገደል ገብቷል። ሰብስቤ አጥሩን ይዞ ቆመ። የቀብሩን ሰዓት ሲነግሩትም አልሰማም።

ድንኳኑ ውስጥ የገርባ ሚስት ውዴ ለሴቶቹ እያለቀሰች ትናገራለች። ሾፌሮቹ ለቅሶ ሲደርሱ፣ ገርባ የጠዋቱን የአንድ ሰዓት ተራ አሳልፎ፣ ጅራት ሆኖ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተጭኖ መውጣቱን ነግረዋታል። "እኔ ነኝ ያስቀረሁት" ትላለች። "ጠዋት ጨጨብሳ ሠርቼ፣ ዛሬ እንኳ ቁርስ በልተህ ሂድ አልኩት። ዘወትር እየሮጠ ነው የሚወጣው። 'እሺ፣ ዛሬስ አልቸኩልም፣ ተራው ይጠብቀኝ' አለኝ። ፓፓያው ሥር ቁጭ ብለን በላን። የውኃ ሮቶውን ጠገነልኝ። ተጫወትን። እኔ ባላስቀረው በቀን አልፎት ነበር መተሃራን። እኔ ነኝ ለማታ መንገድ የሰጠሁት።"

ሰብስቤ ከወንዶቹ መካከል ተቀምጦ ይህን ሰማ። ገርባ ለቁርስ ብሎ ተራ የሚያሳልፍ ሰው አይደለም። ገርባን ያውቀዋል፤ ትኩሳት ይዞት እንኳ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ላይ ይቆማል። ልቡ ያን ጊዜ አንድ ነገር ነገረው፤ ሊሰማው ግን አልፈለገም።

ሰኞ ቢሮ ገብቶ የተላከውን መልእክት ከማሽኑ ላይ አወጣ። "ገርባ ጫምሳ፣ ተራዎ ደርሷል። ነገ 7፡00 ሰዓት በር ላይ ይገኙ።" አሁን ቁጥሩን አየው። ገርባ መልእክቱን አንብቦ የከሰዓት ዙር ነው ብሎ ነው እንጂ አልዘገየም። ሰብስቤ ተነስቶ ወደ መጋዘኑ በር ሄደና ጥበቃውን ራህመቶን፣ "ገርባ ቅዳሜ ሲመጣ ምን አለ?" ብሎ ጠየቀው።

ራህመቶ ራሱን ነቀነቀ። "ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ደረሰ። ስምህ ጠዋት ተጠርቶ አለፈ ስለው ስልኩን አወጣ፣ አየው። አንድ ነገር ሊያሳየኝ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ኪሱ ከተተውና፣ 'የኔ ጥፋት ነው፣ ዘግይቻለሁ' አለ። ጅራት ቁም ስለው እንኳ አልተከራከረም። ገርባና ዝምታ፣ እኔም ገርሞኝ ነበር።"

ሰብስቤ ገባው። ገርባ መልእክቱን ቢያሳይ የአንድ ቀን ዕድሜ ያለው ፕሮግራም በመጀመሪያው ቀን ይዋረዳል፤ ሙስዓብም "ብዬ ነበር" ይላል፤ የፍሬም ሥራ ይበላሻል። ከእኔ አይወጣም ብሎ ነበር፤ አላወጣውም። በበሩ ጥላ ሥር ሰብስቤ ጮክ ብሎ አለቀሰ። ራህመቶ ለጓደኛው የሚያለቅስ መስሎት ወንበር አመጣለት።

ከዚያው ከበሩ ሆኖ ለልጁ ደወለ። ሁለት ዓመት ያልተነሳው ስልክ በሁለተኛው ጥሪ ተነሳ።

"ፍሬ" አላት።

"አባዬ? ምን ሆንክ?"

"ያ የሠራሽው ሜቶድ፣ ሰዓቱን ሲቀበል ምን ያደርገዋል?"

"ስድስት ይቀንሳል። ማሽኑ በፈረንጅ ነው አይደል? ሾፌሮቹ እንዳይሳሳቱ ብዬ ነው። አንተ ትረሳው ይሆናል ብዬ።"

"እኔም ቀንሼ ነው የምልክልሽ።"

ስታሰላ ተሰማው። "ሰባት ይመጣል" አለች በዝግታ። "አንዱ ሰዓት ሰባት ሆኖ ይሄዳል። ሰው ዘገየ እንዴ አባዬ?"

"ገርባ ሞተ።"

ያቺ ልጅ ከጅቡቲ ቴምር እያመጣላት፣ በትከሻው ተሸክሟት ያደገች ናት። ስልኩ ውስጥ የተሰማውን ጩኸት ሰብስቤ እስከ ዛሬ አይረሳውም። ብዙ ቆይታ፣ "ለምን አልጠየቅኩህም?" አለች። "አንዴ ደውዬ ብጠይቅህ ምን ነበረበት?"

"እኔስ ለምን አልነገርኩሽም?" አላት። ስልኩን አልዘጉትም። ሁለት ዓመት የተከለከሉትን ድምፅ እያለቀሱ ሰሙት። አባትና ልጅ እንዲነጋገሩ የገርባ ሬሳ መውጣት ነበረበት ወይ? እኔ ይህን ሳስብ እናደዳለሁ፣ በሁለቱም እናደዳለሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ አዝንላቸዋለሁ። "ውዴ ዘንድ አብሬህ ልሂድና እንንገራት" አለችው። "አንቺ የታዘዝሽውን ነው የሠራሽው። መናገሩ የኔ ነው" አላት።

በዚያው ቀን የድሮዋን ፕሮግራም ከጥሪው በፊት አወጣት። ስድስት የሚቀንሰው አንድ ብቻ ሆነ፣ የልጁ። ለሙስዓብም ሄዶ ሁሉንም ነገረው። ሙስዓብ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ "ጋሽ ሰብስቤ፣ ሰውየውን የገደለው መንገዱ ነው እንጂ የእርስዎ ሰባት አይደለም። ተስተካክሏል፣ ይበቃል። የሞተ አይመለስ፣ ቤተሰቡን ለምን እናቆስላለን?" አለው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። መዝገቡ ላይ "ሾፌሩ ዘግይቶ በመድረሱ" የሚለው እንዳለ ቀረ።

ሰብስቤ ለሁለት ሳምንት ወደ ውዴ ቤት እየሄደ ሳይናገር ተመለሰ። ውዴ ደግሞ እየከሳች ሄደች። እህል ሲያቀርቡላት ትገፋዋለች። ጎረቤቷ አበዛሽ በአጥሩ በኩል፣ "ጋሽ ሰብስቤ፣ እባክዎ ይምከሯት፤ 'ያስቀረሁት እኔ ነኝ' ከማለት በቀር ቃል ከአፏ አይወጣም፣ ልትሞትብን ነው" አለችው። እሱ አፉን በያዘ ቁጥር እሷ የሱን ዕዳ እየተሸከመች መሆኑ ታየው። እውነቱን ብትሰማ ይቀላታል፤ ትረግመኛለች፣ ቢሆንም ይቀላታል አለ። እርግማኑን ይቀበለዋል፤ እንዲያውም ፈልጎታል።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄደ። ውዴ ጥቁሯን ለብሳ ግቢው ውስጥ፣ ፓፓያው ሥር፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሌላ ወንበር ሳበችለት። ነፋሱ የፓፓያውን ቅጠል ያንኳኳል።

"ውዴ፣ ገርባን ያስቀረሽው አንቺ አይደለሽም" አላት።

"ሰው ሁሉ እንዲህ ይለኛል። ፈጣሪ የጻፈው ነው ይሉኛል።"

"እንደሱ አይደለም የምልሽ። ዓርብ ዕለት ስልኩ ላይ መልእክት ልኬለት ነበር። ተራው ጠዋት አንድ ሰዓት ነበር፤ መልእክቱ ሰባት ሰዓት አለ። ስሕተቱ የኔ ነው። የቆየው ሰባት ሰዓት ነው ተብሎ ስለነበር ነው። ቁርስ ባትሰጪውም ይቆይ ነበር። በሩ ላይም እኔን ላለማሳፈር ብሎ፣ 'የኔ ጥፋት ነው' አለ። የገደልኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም።"

ውዴ አላለቀሰችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። ሰብስቤ እርግማኑን ጠበቀ።

"ዓርብ ነው የደረሰው መልእክቱ?" አለች በመጨረሻ።

"ዓርብ ከሰዓት።"

"ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት 'ተራው ይጠብቀኝ' ሲለኝ፣ ሰባት ሰዓት መሆኑን ያውቅ ነበር።"

ሰብስቤ አዎ ለማለት አፉን ከፈተና ያኔ ገባው። ዘግይቶ ገባው።

"እንዲህ ነበር እሱ፣ ሲያሾፍ" አለች ውዴ፤ ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም። "ሠላሳ ዓመት ተራ ነው የቀደመኝ ጋሽ ሰብስቤ። ሁለቱን ልጆች ስወልድ ጅቡቲ ነበር። እናቴን ስቀብር አዋሽ ነበር። ያን ቀን ግን ተራውን ጥሎ አጠገቤ ቁጭ አለ፤ እንደ ሙሽራ እየሳቀ በላ። አንዴ እንኳ እኔን አስቀደመ ብዬ ነበር። በዚያ ቁርስ ምክንያት ሞተብኝ፤ እውነት ነው፤ ሌት ተቀን ያቃጥለኛል። ግን ለእኔ ብሎ ነው የቀረው እያልኩ ይዤው ነበር። ሌላ የያዝኩት ነገር አልነበረኝም።" ቀና ብላ አየችው። "እርስዎ ይህንንም ወሰዱብኝ።"

"ይቅር በይኝ ውዴ።"

"ይቅር ብያለሁ። ሳያውቁ ነው፤ ገርባም ይቅር ብሎዎታል፣ በሩ ላይ። ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ይህን ለሰው እንዳይናገሩ። ለልጆቼም፣ ለሰፈሩም፣ ለማንም። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ጨጨብሳ ሠርቼ ብላልኝ ብዬው፣ ለእኔ ብሎ ነው የቀረው። እርስዎ የሚያውቁትን ሆድዎ ይፍጀው።"

ሰብስቤ ሊመልስላት ሲል የግቢው በር ተከፈተና አበዛሽ ገባች፤ ከኋላዋ ከመቂ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሁለት እንግዶች ነበሩ። ተቃቅፈው ተላቀሱ፣ ተቀመጡ። ከእንግዶቹ አንዷ እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀች። ውዴ እንባዋን ጠርጋ ጀመረች፤ ስለ ቁርሱ፣ ስለ ፓፓያው፣ ስለ ሮቶው፣ ተራው ይጠብቀኝ ስላለው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እንግዳዪቱ እያለቀሰች ወደ ሰብስቤ ዞረች።

"እርስዎ ጓደኛው ነዎት አሉ። እውነት ተራውን ጥሎ ለሷ ብሎ ነው የቀረው?"

ውዴ አላየችውም። መሬት መሬት ታያለች።

"አዎ" አለ ሰብስቤ። "ለሷ ብሎ ነው።"